ሁለት ምሕረት

ሐምሌ ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ የዴንሃግ ሰው መጋረጃውን ዘግቶ፣ አንገቱን በእርጥብ ፎጣ እየጠራረገ ያማርራል። በትራንስቫል ሰፈር ግን በዚያን ቀን ደስ የሚለው አንድ ሰው አለ። አድማሴ ይባላል። ከሥራ ሲመለስ ቀጥታ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ከገበያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ፀሐዩን ፊት ለፊት ተቀብሎ ይቀመጣል። ሚስቱ የትነበርሽ ከሰገነቱ ላይ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ አናትህ ሊፈላ ነው፤ ግባ እንጂ!» ስትለው፣ «ተይኝ እስቲ፣ ዛሬ እንኳ አገሬ ራሷ መጥታልኛለች» ይላታል።

አድማሴ ስልሳ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። ሥራው ትራሞች በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ወለላቸውን ይጠርጋል፣ መስኮታቸውን ያጥባል። እኛ የማኅበር ጓደኞቹ የምናውቀው በዝምታው ነበር። በክርስትናም ሆነ በተዝካር፣ ሰው ስለ አገሩ ማውራት ሲጀምር አድማሴ ተነሥቶ ሳህን ይሰበስባል። የጭልጋ ሰው መሆኑን፣ በሱዳን በኩል መምጣቱን እንሰማለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከየትነበርሽ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ሰሊጥ በጆንያ ከሚሸጥ አንድ ቱርክ ዘንድ ይቆማል። እፍኝ ያነሣል፣ ያሸታል፣ መልሶ ይጨምራል። ቱርኩ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ተወው።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ሐምራዊት። ዩኒቨርሲቲ የቻይና ሥነ ጽሑፍ ታጠናለች፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አምስተርዳም ኖርድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ይህን ትምህርት ስትመርጥ እናቷ «ነርስ ብትሆኚ ምናለ? እኔ የማጥባቸው ሽማግሌዎች ስንት ሰው ይፈልጋሉ፤ የቻይና ተረት ለማን ይጠቅማል?» ብላ ነበር። የትነበርሽ የምትሠራው በአረጋውያን እንክብካቤ ነውና ሁሉን የምትመዝነው በዚያው ነው።  ለአድማሴ ግን ልጁ የምትወደውን ማግኘቷ በቂው ነበር።

አንድ ቅዳሜ በጸደይ ወራት ሐምራዊት ከአምስተርዳም መጣችና ሻይ ይዘው እንደተቀመጡ፣

«አባዬ፣ የስክሪፕሲዬን ርእስ አጸደቁልኝ» አለችው። ስክሪፕሲ የምትለው የመመረቂያ ጽሑፏን ነው።

«እንኳን ደስ ያለሽ። በምን ላይ ነው?»

«ሽፍቶች ላይ።»

አድማሴ ሻዩን ማማሰሉን ተወ። «የምን ሽፍቶች?»

«የቻይና። የጥንት ልብወለዶች ውስጥ ያሉ። ሹማምንት ይበድሏቸዋል፤ ተራራ ይወጣሉ፣ ረግረግ ውስጥ ይሸሸጋሉ። መንግሥት ጦር ልኮ ልኮ ሲያቅተው ‹ምሬያችኋለሁ፣ ግቡ› የሚል አዋጅ ያስነግራል። እኔ የማጠናው ያንን ነው። ለምንድነው ሁሉም እኩል የማይፈልጉት? አንዱ በእልልታ ይቀበላል፣ ሌላው አዋጁን ቀዶ ይጥላል። ማር፣ ሁሉም ወንድማማች ነን ብለው ደም ቀምሰው የተማማሉ ናቸው!»

ሐምራዊት ስትቸኩል ደች ይደባለቅባታል፤ «ማር» ስትል «ግን» ማለቷ ነው። አድማሴ ይህን አነጋገሯን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለምዶታል። ያን ቀን ግን በአማርኛ ሰማው፤ ልጁ ይቅር በል የምትለው መሰለው።

«ምሕረቱን የሚፈልገው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቃት።

«ድሮ ሹመት የነበራቸው። ቤተሰባቸው ከተማ የቀረባቸው። አለቆቹም ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሽፍታ ተብለው መሞቱን ይጠሉታል። የማይፈልጉት ደግሞ እንደ ዓሣ አጥማጅ፣ እንደ ሥጋ ሻጭ ያሉት ናቸው። ድሮም ከመንግሥት ዱላ እንጂ ሌላ አላገኙም፤ ወደ ምን ይመለሳሉ? በመሃል ደግሞ ዝም የሚሉ አሉ፤ አለቃቸውን ስለሚወዱ ብቻ ተከትለውት ይገባሉ።»

«መንግሥት ቢምረው እንኳ የሟች ወንድሞች የማይምሩትስ?»

ሐምራዊት ቀና ብላ አየችው። «ምን አልክ?»

የትነበርሽ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ንገራት እንግዲህ፣ አድማሴ» አለች። «ቻይና ድረስ ሄዳ ከምትፈልግ እዚሁ ቤቷ ንገራት።»

አድማሴ ብዙ ሲያቅማማ ቆየ። በመጨረሻ ነገራት፤ እኛም ከዚያ በኋላ ነው የሰማነው።

በወጣትነቱ ከጭልጋ በታች፣ ወደ ጓንግ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ቆላ ከአባቱ የወረሳት ማሳ ነበረችው። ማሽላ ይዘራባታል፣ ሰሊጥ ያበቅልባታል። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን የቀበሌው ሊቀመንበር ወንድም ማሳዋን ተመኛት። ድንበር ገፋ። አድማሴ ከሰሰ፤ ተፈረደበት። ይግባኝ ሲል ነገረኛ ተብሎ ታሰረ። ተፈትቶ ሲመለስ ማሳዋ በሰው በሬ ታርሳ፣ የጎጆው ማገር ተነቅሎ ለአጥር ሆኖ አገኘው። ማንንም አልገደለ፣ ማንንም አልዘረፈ። የአባቱን ምንሽር አወረደና ዱር ቤቴ አለ።

በቆላው ውስጥ ዓለማየሁ የሚባል ሰው አገኘ። ዓለማየሁ በፊተኛው መንግሥት የሚሊሻ አዛዥ ነበር፤ መንግሥቱ ሲወድቅ ይያዝ ተብሎ ሸሸ። በዕድሜ ከአድማሴ ይልቃል፣ በአነጋገሩም የታረመ ነው፤ ዱር ውስጥ ሆኖ እንኳ ፊቱን ሳይታጠብ እህል አይቀምስም። አድማሴ «አንቱ» ይለው ነበር። ሦስተኛቸው ማዕረግ ይባላል። ይህ ቀልደኛ፣ ድምፁ ያማረ ጎበዝ በሠርግ ቤት ጠብ ሰው ገድሎ ከደመኞቹ የሸሸ ነው። ሌሎችም ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ የማይለያዩት ግን እነዚህ ሦስቱ ነበሩ።

«ስንት ሰው ዘረፋችሁ?» አለች ሐምራዊት።

«የምንበላውን እንለምን ነበር። የማይሰጠንን ደግሞ…» አለ። «ነጋዴ አስቁመን እናውቃለን። አልዋሽሽም።»

ሲነግራት ግን ጎልቶ የሚመጣበት ዝርፊያው አልነበረም። አንድ ክረምት ወባ ሲጥለው ዓለማየሁ አዝሎት ሙሉ ቀን መሄዱን፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ትልቅ ዲዛ ዛፍ ሥር አስተኝቶት በእፍኙ ውሃ ሲያጠጣው መሰንበቱን፣ ወንዙ ሲጎድል አምባዛ የሚባለውን ዓሣ በጦር ወግተው በፍም ላይ መጥበሳቸውን ነበር። ማዕረግ ሆዱ ከጠገበ እንጉርጉሮ ያወጣል፦

ጓንግን ብሻገረው ወዲያ ዘመድ የለ፣
ወዲህ ብመለስም ደመኛዬ አለ።

ዓለማየሁ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። ሚስቱ አበባይሽ ከልጆቹ ጋር ደጋ ላይ ናት፤ ጭስ በታየ ቁጥር የእሷ ምድጃ ይመስለዋል።

ኋላ መንግሥት በገበያ ምሕረት አስነገረ። መሣሪያውን አስረክቦ የገባ ሁሉ አይጠየቅም ተባለ። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ነጭ ጨርቅ በበትር ሰቅለው እስከ ወንዙ ወረዱ። ሦስቱ ጓደኞች እንግዶቹን ፈቀቅ አድርገው ከዲዛው ሥር መከሩ።

«እኔ እገባለሁ» አለ ዓለማየሁ። «ልጆቼ ያለ አባት እያደጉ ነው። ሰው በአገሩ ላይ እንደ ጅብ ተደብቆ ምን ዓይነት ኑሮ ይኖራል? አብረን እንግባ።»

ማዕረግ ሣቀ። «ለእርስዎ ምሕረት ነው። እኔን መንግሥት ቢምረኝ የሟች ወንድሞች ይምሩኛል? አደባባይ ላይ ጠብቀው ይደፉኛል።»

«ሽማግሌ እንልካለን፤ ደሙ ይደርቃል።»

«እስኪደርቅ እኔ እዚሁ ልቆይ።»

ዓለማየሁ ወደ አድማሴ ዞረ። አድማሴ ከሽማግሌዎቹ መምጣት ጀምሮ ደሙ ፈልቶ ነበር።

«እኔ ምን አጥፍቼ ነው የምማረው?» አለ። «የሚማረው ያጠፋ ነው። ማሳዬን ይመልሱልኝና እኔ ልማራቸው።»

«እውነት ብለሃል» አለ ዓለማየሁ በዝግታ። «ነገር ግን እውነትህን ታቅፈህ እዚህ ትሞታለህ። እኔ የአንተን ሬሳ መቅበር አልፈልግም።»

አድማሴ ያን ጊዜ አንቱታውን ጣለ። «ሂድ አንተ» አለው። «ከዛሬ ወዲህ አላውቅህም።»

 ዓለማየሁ ጋቢውን አውልቆ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠለትና ከሽማግሌዎቹ ጋር ዳገቱን ወጣ። አድማሴ ጋቢውን ሳይነካው ዋለ፤ ብርድ ሲመጣ ግን ለበሰው።

ብዙ አልቆየም። ዱሩን የሚያውቅ ሰው ያገኘ መንግሥት ምን ያደርጋል? ለዓለማየሁ መሣሪያውን መለሱለት፣ ሚሊሻ ሰጡት፣ «የቀሩትን አምጣ» ብለው ላኩት። አንድ ማለዳ እነአድማሴ ወንዙን ሲሻገሩ ተኩስ ተከፈተ። ማዕረግ ውሃው መሃል ወደቀ። አድማሴ ማዶ ደርሶ ዞር ሲል ዓለማየሁ በወዲያኛው ዳር ቆሞ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አየው። አቁሙ ማለቱ ይሁን፣ ተኩሱ ማለቱ ይሁን፣ አላወቀም። ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ በመጨረሻም ሆላንድ።

አድማሴ ይህን ተናግሮ ሲጨርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ሐምራዊት እጁን ያዘች።

«በመጽሐፎቹም እንደዚያ ነው» አለች። «የገቡትን ያልገቡት ላይ ይልኳቸዋል። እርስ በርሳቸው ያልቃሉ።»

«አለቃውስ?»

«እሱም ደግ አያይም።»

አድማሴ ራሱን ነቀነቀ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

«አንተ ግን» አለች ሐምራዊት ቆይታ፣ «ምሕረት ተቀብለህ አታውቅም ማለት ነው?»

«አንድ ጊዜ ተቀብያለሁ።»

«መቼ?»

«አንቺ እያየሽ።»

ይህንን ደግሞ የማኅበራችን ትልልቆች ሁሉ የምናውቀው ነው። የሆላንድ መንግሥት ጥገኝነት ጠይቀው ብዙ ዓመት ያለ ወረቀት ለተንከራተቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ፓርዶን የሚሉትን ምሕረት ሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ አድማሴ፣ የትነበርሽና ትንሿ ሐምራዊት ሮተርዳም ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ባስጠጋቸው ክፍል ይኖሩ ነበር። አድማሴ በድብቅ ምግብ ቤት ድስት ያጥባል፤ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። የጥገኝነት ጥያቄው ሁለት ጊዜ ተጥሎ ሦስተኛ ክርክር ላይ ነበር። ያገሩ ዳኛ ያልሰማውን እውነት የዚህ አገር ዳኛ ይሰማልኛል ብሎ በዚያ ክርክር ላይ ልቡን አኑሮ ነበር። ፓርዶኑ ሲመጣ ግን የምትከራከርለት ጠበቃ የያዘውን ክርክር ሁሉ መተው እንዳለበት ነገረችው።

«ታዲያ እውነቴ የት ይሄዳል?» አላት።

ጠበቃዋ ደግ ሴት ነበረች። «አድማሴ፣ ማንም ዋሽተሃል አላለህም። ማንም እውነት ተናግረሃል አላለህም። ኑር ነው ያሉህ» አለችው።

አድማሴ ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ። ከጠረጴዛው ሥር ሐምራዊት በሆዷ ተኝታ ፈረስ ትሥል ነበር። ከጓንግ ዳር የተናገረው ሁሉ በጆሮው መጣበት፤ «ምን አጥፍቼ ነው የምማረው» ያለው፣ ዓለማየሁን «አላውቅህም» ያለው። ፈረመ። ደጅ ሲወጡ «እጄን ሰጠሁ፣ የትነበርሽ» አላት። እሷ ግን ልጇን በአንድ እጇ፣ እሱን በሌላ እጇ እየጎተተች «ና ወዲህ፣ ትራሙ ሊያመልጠን ነው» ብቻ አለችው።

ሐምራዊት ፈረሱን ታስታውሳለች፤ ሌላውን አታስታውስም። 

«ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አለቃው ነው» አለች። «የእኔን አለቃ ማለቴ ነው፣ የቻይናውን። ሌሎቹ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ወይ ዱሩን ወይ ቤቱን። እሱ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ወንድሞቹንም፣ ንጉሡንም። ሁለቱንም ስለሚወድ ሁለቱንም ያጣል። ሰዎች ከሃዲ ይሉታል። እኔ ግን የናፈቀው ሰው ይመስለኛል።»

 ዓለማየሁ እንጉርጉሮውን በሰማ ቁጥር ፊቱን ማዞሩ ለአድማሴ እንደገና ታየው፤ ናፍቆቱን ግን ስንት ዘመን ረስቶት ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አድማሴ ተለወጠ። ሥራ በሌለው ቀን በባቡር አምስተርዳም ይሄዳል፤ ከጣቢያው ጀርባ ፖንት የሚሉትን የማሻገሪያ ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ኖርድ ይሻገራል። በነፃ የሚያሻግረው ጀልባ በብስክሌተኞች ተጨናንቆ ሲንሳፈፍ እሱ ዳር ይቆምና ውሃውን ያያል። ከማዶ ልጁ ትጠብቀዋለች። በውሃው ዳር ተቀምጠው ከመጽሐፎቿ አንድ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ ታወራለታለች፤ ቃል ሲጠፋት በደች ትሞላዋለች። አድማሴ ሽፍቶቹን እንደ ጎረቤት ይወቅሳቸዋል። «ይኼኛው ስካር ነው የጎዳው» ይላል፤ «ያኛው ደግሞ እናቱን ይዞ መሸፈት አልነበረበትም።» ከሁሉ በላይ የሚጠይቃት ከገቡት ውስጥ ወደ ተራራው መመለስ የናፈቀው እንዳለ ነበር። «አለ» አለችው አንድ ቀን። «ገብተው፣ ሹመት ተቀብለው፣ ‹እንመለስ› የሚሉ አሉ። አለቃቸው እሺ አይላቸውም።»

አድማሴም፣ «ዓለማየሁን ፈልጊልኝ» አላት። «በሕይወት ካለ።»

እሱን ማግኘት ያን ያህል አልከበደም። የአበባይሽ የልጅ ልጅ ጎንደር ከተማ ነበረችና ሐምራዊት በፌስቡክ አገኘቻት። አያቷ በሕይወት አለ፤ አበባይሽ አርፋለች፤ እሱ ከልጁ ጋር ይኖራል፤ ዓይኑ ደክሟል።

አንድ እሑድ ሮተርዳም ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ደወሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሃሎ» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«አድማሴ ነኝ።»

«የትኛው አድማሴ?»

«የጓንጉ።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው የትነበርሽ ስልኩን ልትነካ ስትል፣ «ሞተሃል ብለው ነግረውኝ ነበር» አለ ዓለማየሁ።

«እኔም አንቱን በልቤ ገድዬዎት ነበር።»

«ይገባኛል።»

ከዚያ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ፤ አድማሴም የልጁን ትምህርትና በሆላንድ ያገኘውን ምሕረት ነገረው። ሁለቱም ወደ ወንዙ መቅረብ ፈርተው እንደነበር የትነበርሽ ነግራናለች። በመጨረሻ የደፈረው አድማሴ ነው።

«ማዕረግን የመታው የማን ጥይት ነው?»

«አላውቅም» አለ ዓለማየሁ። «ብዙ ነበርን፣ ሁላችንም ተኩሰናል። የእኔ ሊሆን ይችላል። አይደለም ብዬ ብምልልህ ደስ ይልህ ነበር፤ ግን አላውቅም። ከውሃ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደብር ወስጄ አስቀበርኩት፣ ተዝካሩንም አወጣሁ። ደመኞቹም መጥተው አፈር መለሱበት። በቁሙ የከለከሉትን ሲሞት ሰጡት።»

አድማሴ ዓይኑን ጠረገ። «ያን ቀን እጅዎን አንሥተው አይቼዎት ነበር። ምን ማለትዎ ነበር?»

«እጄን?»

«ማዶ ሆኜ ዞር ስል። አንድ እጅዎን ወደ ላይ።»

«አላስታውሰውም» አለ ዓለማየሁ።

ያን እጅ አድማሴ በካርቱም ሲያስበው፣ በሮተርዳም ድስት ሲያጥብ ሲያስበው፣ ትራም ሲጠርግ ሲያስበው ኖሯል። የእጁ ባለቤት ግን አያስታውሰውም። አድማሴ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ቀጥሎ እንደ ደከመው ሰው ወደ ወንበሩ ተደገፈ።

«ምሕረቱስ ምን አደረገልዎ?» ሲል ጠየቀ።

«ልጆቼን አሳደግኩበት። ማዕረግን ቀበርኩበት። ኋላ መሣሪያውን መልሰው ቀሙኝ፤ ታስሬም ተፈታሁ። አሁን ጥሩ ነበር ወይ ብትለኝ የምመልስልህ የለኝም። አንተንስ ፈረንጅ ማረኝ አልክ?»

«ማረኝ።»

«ምን አጥፍተህ?»

በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሣቁ። አድማሴ እንዲህ ሲሥቅ የትነበርሽ በትዳር ዘመኗ አይታው አታውቅም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እየፈሰሰ። ሐምራዊት አላስቻላትምና ስልኩን ሳብ አደረገች።

«ሃሎ ዓለማየሁ፣ እንዴት ነህ?»

«አንቱ በይ!» ብላ እናቷ ጎኗን ቆነጠጠቻት።

«ተያት» አለ ሽማግሌው። «አባቷም አንድ ቀን ብሎኛል። የቻይና ሽፍቶች የምታጠኚው አንቺ ነሽ? እነሱ ገቡ?»

«ገቡ።»

«ኋላስ?»

«አለቁ።»

«እህ» አለ ዓለማየሁ፤ ቀጥሎም፣ «ሲገቡ ደክሟቸው ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ሐምራዊት ከመጽሐፎቿ ልትፈልግ እንደምትሞክር ነገረችው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይደዋወሉ ነበር። ዓለማየሁ «ና» ይለዋል። «በጥቅምት ና፣ አጨዳ ላይ። ቆላ ይዤህ እወርዳለሁ፤ ባላይም መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ማሳህ የሌላ ሰው ሆናለች፤ ማየት ግን አይከለከልም። ከማዕረግ መቃብር ላይ ጸበል ጸዲቅ እናደርጋለን።» አድማሴ እሺ አለ። አገሩን ከለቀቀ ጀምሮ እሺ ሲል የመጀመሪያው ነው። ለአለቃው ነግሮ የጥቅምትን ፈቃድ አስያዘ። ለዓለማየሁ ካፖርት ገዛለት፤ «ጎንደር ይበርዳል» እያለ ለእኛ ለሁላችን አሳየን። የማያወራው ሰው በማኅበር ቀን ስለ ጓንግ ዓሣ ሲያወራ ሳህን የሚሰበስብ ጠፋ።

ጥቅምት ሳይደርስ በዚያ አካባቢ ውጊያ ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። አድማሴ እሑድ እሑድ መደወሉን አልተወም፤ የሚመልስለት ያው የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው። የትነበርሽ «ድሮ የሚናፍቀው ወንዝ ነበር» ትላለች፤ «ወንዝ ስልክ አያነሣም ብሎ ሰው ያርፋል። አሁን ግን ሰው ነው የናፈቀው።» ካፖርቱ በራፍ ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

ሐምራዊት የተመረቀችው በዚያው ሰሞን ነው። አድማሴ ጥቁር ሱፉን ለብሶ በአዳራሹ የፊት ረድፍ ተቀመጠ። ስሟ ሲጠራ የትነበርሽ እልል ስትል የደቾቹ ወላጆች ዞረው አዩዋት፤ ቀጥሎ እነሱም አጨበጨቡ። ሲወጡ ሦስቱም በቦዩ ዳር በእግራቸው ሄዱ።

«አባዬ» አለች ሐምራዊት፣ «ለስክሪፕሲው ሳይሆን ለራሴ ልጠይቅህ። ያ ቀን ቢመለስ ከዓለማየሁ ጋር ትገባ ነበር?»

አድማሴ ቆመ። ጀልባ ሲያልፍ አየ። «ሥራ ላይ ሆኜ ሳስበው እገባ ነበር እላለሁ» አላት። «አብሬው ብሆን ማዕረግን ጎትተን እናስገባው ነበር፤ ሦስታችንም አርጅተን አንድ ጥላ ሥር እንቀመጥ ነበር። ቤት ገብቼ አንቺን ሳይ ደግሞ ያን ማሰቤ ራሱ ኃጢአት ይሆንብኛል። ብገባ ኖሮ አንቺ የለሽማ።»

«ታዲያ የቱ ነው መልስህ?»

«ሁለቱም» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ክረምቱ አልፎ ስልኩ አንድ ሰሞን ተከፈተ። ዓለማየሁ አለ። ድምፁ ሳስቷል፣ ጆሮውም ከብዷል፤ የልጅ ልጁ አድማሴ ያለውን እየጮኸች ትደግምለታለች። «መንገዱ ሲከፈት» አለ ሽማግሌው፤ «እጠብቅሃለሁ፣ አልሞትም በይው።» ከዚያ እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተከፈተ። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሆነው።

በትራሞቹ ግቢ የፈቃድ ወራት የሚመደበው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነው። የአድማሴ አለቃ ወጣት ደች ነው፤ ዘንድሮም ሰሌዳውን ይዞ ሲዞር አድማሴ ዘንድ ሲደርስ ፈገግ አለ። ባለፈው ዓመትም፣ ካቻምናም ያስያዘውን ፈቃድ ሳይሄድበት ቤቱ ተቀምጦ እንደጨረሰው ያውቃል።

«በበጋ ልያዝልህ? ከሚስትህ ጋር ስፔን ብትሄዱ አይሻልም?» አለው።

«አይ» አለ አድማሴ፤ የሚያጥብበትን ጨርቅ እየጨመቀ። «ለጥቅምት ያዝልኝ።»